ሐኪምም ባልም

ኤፍ. ስኮት ፊትዝጄራልድን አብዛኞቻችን የምናውቀው በ«ታላቁ ጋትስቢ» ነው። እኔን ግን ሰሞኑን ይዞኝ የከረመው ሌላው መጽሐፉ ነው፤ «ቴንደር ኢዝ ዘ ናይት»። ከጋትስቢ 9 ዓመት ዘግይቶ በ1934 የወጣ። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ስለ ፍቅርና ስለ አእምሮ ሕመም ነው። ቤቱ ውስጥ ታማሚ ያለበት ሰው ሲያነበው ከሌላው ሰው ለየት አድርጎ ነው የሚያነበው።

እኔ ቤት ታማሚ አለ። ታናሽ ወንድሜ ነው። ይህን ልጽፍ ስነሳ መጀመሪያ የጠየቅሁት እሱን ነው። «ስሜን ካልጠራሽ ጻፊ» አለኝ። ስለዚህ አልጠራውም።

ታሪኩን በአጭሩ ልንገራችሁ። ዲክ ዳይቨር ወጣት አሜሪካዊ የአእምሮ ሐኪም ነው። ጎበዝ ነው፤ መልከ መልካም ነው፤ ያየው ሁሉ ይወደዋል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ዙሪክ አካባቢ ባለ ክሊኒክ ኒኮል ዋረን ከምትባል ታካሚ ጋር ይተዋወቃል። የቺካጎ ሀብታም ልጅ ናት። እናቷ ከሞተች በኋላ የገዛ አባቷ ደፍሯታል። ሕመሟ የተነሳው ከዚያ ወዲህ ነው። ዲክ ከጦሩ ጋር ፈረንሳይ ሳለ ደብዳቤ ትጽፍለታለች። የመጀመሪያዎቹ ደብዳቤዎች መያዣ መጨበጫ የላቸውም። እየቆዩ ይጠራሉ። ሐኪሞቿም እሱን መውደዷ እንዳሻላት ያያሉ።

ፍራንዝ የሚባል ባልደረባ አለው። ዲክ፣ ማግባቱ በሐሳቤ ሽው ብሏል ሲለው ፍራንዝ ክው ይላል። ግማሽ ዕድሜህን ሐኪምም አስታማሚም ሆነህ ልትኖር? በጭራሽ! ዳግመኛ ባታያት ይሻላል ይለዋል። ዲክ አልሰማም። አገባት።

የኒኮል ታላቅ እህት ደግሞ ነገሩን የምታየው በገንዘብ ነው። ለታመመችው እህቷ ሐኪም ባል መግዛት ነው ሐሳቧ። የዋረኖች ሀብት ቀስ እያለ ዲክን ሲያልፈሰፍሰው ማየት ያሳዝናል። የኔ ጉዳይ ግን እሱ አይደለም።

ፊትዝጄራልድ አንድ ቦታ ላይ ዲክ ሚስቱን በሁለት ዓይን እንደሚያያት ይጽፋል። አንዱ የባል ነው፤ ሌላው የሐኪም። ሁለቱ እየተጋጩ እጅ እግሩን ያስሩታል። እዚህ ስደርስ መጽሐፉን አጥፌ ተቀመጥኩ። ያንን የሐኪም ዓይን አውቀዋለሁ። ሐኪም ሳልሆን አለኝ። ወንድሜ ሲስቅ፣ ይኼ ሳቅ የደኅና ነው? እላለሁ በሆዴ። ሌሊት ሲነሳ ኮቴውን አዳምጣለሁ። ዝም ሲል ያሳስበኛል፤ ወሬ ሲያበዛም ያሳስበኛል። ቡና እየጠጣን እንኳ አንዱ ጆሮዬ የሚናገረው ላይ ነው፤ ሌላው አነጋገሩ ላይ። ስለምወደው ነው። ጥበቃም ነው። የሚጠበቅ ሰው ደግሞ መጠበቁን አይስተውም።

በጣም የያዘኝ ክፍል ስዊዘርላንድ ውስጥ ነው የሚሆነው። ዲክና ኒኮል ሁለት ልጆች ወልደዋል። እሱ ክሊኒክ ከፍቶ ይሠራል። አንድ ቀን ለኒኮል ደብዳቤ ይመጣታል። የጻፈችው ከክሊኒኩ የወጣች ሴት ናት፤ ባልሽ ልጄን አባልጎብኛል ትላለች። ኒኮል ደብዳቤውን ታሳየዋለች። ዲክ ያነብና፣ ይኼ እኮ የአእምሮ ሕመምተኛ የጻፈው ነው ይላታል።

«እኔም የአእምሮ ሕመምተኛ ነበርኩ» ትለዋለች።

ያንኑ ቀን ልጆቹን ይዘው ባዛር ይወጣሉ። ከሕዝቡ መሐል ኒኮል ድንገት ተነስታ ትሮጣለች። ዲክ ልጆቹን አንዲት ባለ ድንኳን ዘንድ ትቶ ይከተላታል። ትጠፋበታለች። ቀና ሲል ሰው ጭኖ በሚዞረው በግዙፉ መንኮራኩር አናት ላይ ያያታል። ብቻዋን ተቀምጣ ትስቃለች። ከታች ሰው ቆሞ ያያታል። ስትወርድ ሳቋ ይጠፋል። ለምን እንዲህ ራስሽን መግዛት አቃተሽ? ይላታል። ለምን እንደሆነ አሳምረህ ታውቃለህ ትለዋለች። ከአንዲት ልጅ ጋር አይቼሃለሁ ነው ነገሩ። ቅዠትሽ ነው ዓይነት መልስ ይሰጣታል። እሷም፣ እንዳላይብህ የምትፈልገውን ነገር ባየሁ ቁጥር ቅዠት ነው ትለኛለህ ትለዋለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ ዲክ እየነዳ ሳለ መሪውን ትቀማዋለች። መኪናው ከመንገድ ወጥቶ ቁልቁል ይወርድና ዛፍ ላይ ተደግፎ ይቆማል። ልጆቹ ይጮኻሉ። ትንሽ ቆይታ ኒኮል ትስቃለች። «ፈርተህ ነበር አይደል? መኖር ፈልገህ ነበር!» ትለዋለች።

ወንድሜ ይህን ምዕራፍ ከኔ ቀድሞ ነው የጨረሰው። እንግሊዝኛው ከኔ ይሻላል። እኔ ማውራት የፈለግሁት ስለ መኪናው ነበር። ኋላ ወንበር ላይ ስላሉት ልጆች። እሱ ግን ወደ መንኮራኩሩ መለሰኝ።

«እትዬ፣ አይታለች እኮ» አለኝ።

«ምኑን?»

«ያየችውን። ልጅቷን ስሟት የለም እንዴ?»

እውነቱን ነው። ደብዳቤው ውሸት አለበት፤ ግን ዲክ የደብዳቤ ጸሐፊዋን ልጅ እንደ ዋዛ አድርጎ ስሟታል። ከዚያም በፊት ሮዝሜሪ ለምትባል የ18 ዓመት የፊልም ተዋናይ ልቡ ሸፍቷል። ኒኮል ፓሪስ ሆቴል ውስጥ መታጠቢያ ቤት ገብታ ስትጮኽበት የነበረውም በከንቱ አልነበረም። ታማሚ ናት። ልክም ናት። ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። መጽሐፉን ትልቅ የሚያደርገው ለኔ ይኼ ነው። ፊትዝጄራልድ ሕመሟን አላቃለለም፤ መሪውን ስትቀማ ሊሞቱ ነበር። ዓይኗ ግን አልታወረም።

እኛም ይህን እናውቀዋለን። እዚህ እኛ የምንኖርበት አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ አንድ የልደት ግብዣ ላይ ነበርን። ወንድሜ ሶፋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። አጠገቡ ሕፃን ልጅ በመኪና ይጫወት ነበር። እናቱ መጣች፤ ፈገግ እንዳለች ልጁን አንስታ ወደ ማዶ ወሰደችው። መኪናዋ ወለሉ ላይ ቀረች። ወደ ቤት ስንነዳ «ከኔ ነው ያሸሸችው አይደል?» አለኝ። ሌላ ዘመድ ቢሆን፣ ኧረ ተው፣ ለራስህ መስሎህ ነው ይለዋል። ክፋት አይደለም፤ ማጽናናት ነው። እኔ ግን አይቻለሁ። «አዎ፣ ከአንተ ነው። እኔም አይቻታለሁ» አልኩት። ትከሻው ወረደ። ሬዲዮውን ከፍቶ እስከ ቤት ድረስ ዘፈን ሰማን።

ከመጽሐፉ ጀርባ እውነተኛ ሴት አለች። ዜልዳ፣ የፊትዝጄራልድ ሚስት። በ1900 አላባማ ውስጥ ተወለደች፤ በ1920 ተጋቡ። ትጽፋለች፣ ትስላለች። ወደ 30 ዓመቷ ስትጠጋ ደግሞ ፓሪስ ውስጥ ባሌት ቀን ከሌት ተለማመደች። በ1930 ጸደይ ላይ ታመመች። ስዊዘርላንድ፣ ጄኔቫ ሐይቅ ዳር፣ ፕራንዣን የሚባል ክሊኒክ ገባች። ስኪዞፍሬኒያ ነው ተባለ። ቃሉን ራሱን ለሕክምናው ዓለም የሰጠው ኦይገን ብሎይለር ሳይቀር መጥቶ አያት። ዛሬ ግን ሕመሟ ሌላ ዓይነት ነበር የሚሉ አሉ። ወንድሜ የሚወስደው ዓይነት መድኃኒት መምጣት የጀመረው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ነው። አልደረሰችበትም።

ከክሊኒክ ለባሏ ደብዳቤ ትጽፍ ነበር። እሱም ከደብዳቤዎቿ ወስዶ የኒኮል ደብዳቤዎች አደረጋቸው። ልብ ወለዱን ሳነብ ከሁሉ በላይ ሕይወት ያለበት ጽሑፍ ያ መሆኑ ታውቆኝ ነበር። ከየት እንደመጣ ሳውቅ ቆጨኝ። ለሷ ቆጨኝ።

በ1932 ባልቲሞር፣ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ውስጥ ተኝታ ሳለ የራሷን ልብ ወለድ ጻፈች፤ «ሴቭ ሚ ዘ ዎልትዝ»። በጥቂት ሳምንታት ነው የጨረሰችው። ለባሏ ሳታሳይ በቀጥታ ለአሳታሚው ላከችው። ፊትዝጄራልድ በቁጣ ነደደ። እሱ ለዓመታት ሲጽፈው የኖረውን ሕይወት ቀድማ የጻፈችበት መሰለው። ተቆራርጦ በዚያው ዓመት ወጣ፤ የሸጠው ከ1,400 ቅጂ በታች ነው።

በቀጣዩ ዓመት ግንቦት ላይ፣ ባልቲሞር አጠገብ በተከራዩት ቤት፣ ባልና ሚስት ሐኪማቸው ባለበት ተቀመጡ። የሚሉትን የሚጽፍ ሰው ጭምር ጠርተው ነበር። ከ100 ገጽ በላይ ነው የወጣው። ፊትዝጄራልድ እዚያ ላይ የሚለው፣ ባለሙያው ደራሲ እኔ ነኝ፤ የምኖረውም የማኖርሽም በዚህ ነው፤ ያ ሁሉ የኔ መነሻ እንጂ ያንቺ አይደለም ነው። ስለ እብደት አትጽፊም አላት። ያበደችው እሷ ሆና።

ይህን ይዤ ብዙ ተናድጃለሁ። ቢሆንም ፊትዝጄራልድን አልጠላውም። መጥላት አልቻልኩም። ልብ ወለዱ ውስጥ ገንዘቡ የታማሚዋ ነው፤ በእውነተኛው ሕይወት ግን የክሊኒኩን ሁሉ የከፈለው እሱ ነው። ለመጽሔት አጫጭር ልብ ወለድ እየጻፈ፣ እየጠጣ፣ ጤናው እያለቀ ከፈለ። ማስታወሻው ላይ ተስፋ የማድረግ አቅሜን ወደ ዜልዳ ሳናቶሪየም በሚወስዱት ትናንሽ መንገዶች ላይ ተውኩት ብሏል። እነዚያን መንገዶች አስታማሚ ሁሉ ያውቃቸዋል። እኔ ሆስፒታል መኪና ማቆሚያ ውስጥ መሪዬን ይዤ ያለቀስኩበት ጊዜ አለ። ድካሜን መጻፍ መብቴ ነው። የወንድሜን ቅዠት ግን መጻፍ አልችልም። እሱ የሱ ነው።

መጽሐፉ መጨረሻው ላይ አንድ ነገር ይላል፤ እሱ ላይ አልስማማም። ኒኮል እየዳነች ስትሄድ ዲክ እየተበላሸ ይሄዳል። ይጠጣል፤ ሮም ውስጥ ተጣልቶ ፖሊሶች ይደበድቡታል፤ ሥራውን ይለቃል። እሷ ሌላ ሰው ታፈቅራለች። አንድ ከሰዓት በኋላ ዲክ ፊት ቆማ፣ ምንም ቃል ሳይወጣት ከሱ ትላቀቃለች። ከዚያ ፊትዝጄራልድ የበሽተኛዋ ጉዳይ አለቀ፤ ዶክተር ዳይቨርም ነፃ ወጣ ብሎ ይጽፋል። ዲክ አሜሪካ ይመለስና በኒው ዮርክ ክፍለ ሀገር ትናንሽ ከተሞች እየዞረ ይሠራል፤ ባታቪያ፣ ሎክፖርት፣ ሆርኔል። በመጨረሻ ከተሞቹ ከአንዱ ውስጥ መሆኑ እንጂ የቱ ውስጥ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

ጽሑፉ ውብ ነው። አንጀት ይበላል። ግን ሰው እንዲህ አይድንም። የሷ ጤና ከሱ ተቀድቶ የመጣ ይመስላል፤ አንዱ ሲሞላ ሌላው እንደሚጎድል እንስራ። ወንድሜ ሲሻለው እኔ አልታመምኩም። ተኛሁ እንጂ! ያደከመኝ ፍቅሩ ሳይሆን ብቻዬን መሆኔ ነው። አሁን የሱ ሐኪም አለች፤ በየወሩ የሚገናኝበት የታማሚዎች ስብስብ አለው፤ እናታችን ከአገር ቤት የምትልክለትን ጸበል ከመድኃኒቱ ጋር ይወስዳል። እኔ እህቱ ነኝ። ለሐኪሟ የሐኪሟን ሥራ ትቼላታለሁ። ዲክ ይህን የሚያካፍለው ሰው አልነበረውም፤ ወይም አልፈለገም። ባልም ሐኪምም እኔ ልሁን አለ።

ፊትዝጄራልድ በ1940 በ44 ዓመቱ ሆሊውድ ውስጥ ሞተ። ዜልዳ በ1948 አሽቪል ከተማ፣ ሆስፒታሉ ሌሊት በእሳት ሲያያዝ ከሌሎች ስምንት ሴቶች ጋር ሞተች። መቃብራቸው ሮክቪል ነው፤ ከኛ ቤት ብዙ አይርቅም። መጀመሪያ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያኑ አልቀብርም ብሎ ሌላ ቦታ ነበር ያረፉት። በ1975 ነው ወደ ቅድስት ማርያም የተዛወሩት። አንድ ድንጋይ ሥር ናቸው። ድንጋዩ ላይ የተቀረጸው የጋትስቢ የመጨረሻ ዓረፍተ ነገር ነው። የሷ ጽሑፍ አንድም ቃል የለበትም።

ወንድሜን ይህን ስነግረው «እሷስ መጽሐፏ ይገኛል?» አለኝ። ይገኛል፤ ደጋግሞ ታትሟል። ከሰፈራችን ቤተ መጻሕፍት አስይዤዋለሁ። ሲመጣ መጀመሪያ የሚያነበው እሱ ነው። ስለሱ መጻፍ ከተፈለገም የሚጽፈው እሱ ነው፤ ተስማምተናል።