ሐዋሳ ላይ ከወር እስከ ወር ኑሮ እንዴት ወጣሁ

«ድሃ ድሃ ሆኖ የሚቀረው ስለማይቆጥብ ነው» ሲባል ስሰማ ደሜ ይፈላል። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ባለ አንድ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ስሠራ አብረውኝ የነበሩትን ልጆች አውቃቸዋለሁ። ገና ሳይነጋ ተነስተው ሰርቪስ የሚጠብቁ፣ ኦቨርታይም የማያልፋቸው፣ ከዚያችው ደመወዝ ቀንሰው ለቤተሰብ የሚልኩ ናቸው። ስንፍና የሚባል ነገር አላየሁባቸውም።

ፓርኩ የተመረቀው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ነው። በ2011 የወጣ የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ጥናት የጀማሪ ሠራተኛን መነሻ ደመወዝ በወር 26 ዶላር ገደማ ብሎታል። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ የደመወዝ ወለልም አልነበረም። ስለ ግል ኃላፊነት የሚያወራ ሰው መጀመሪያ በዚህ ብር አንድ ወር ኖሮ ይሞክረው።

ቤት የምንከራየው በደባልነት ነበር። አንድ ክፍል፣ መሬት ላይ ፍራሽ፣ ጥግ ላይ አንድ ምድጃ። ከሰል በፌስታል፣ ዘይት በትንሽ ሃይላንድ፣ ሽንኩርት በመደብ እንገዛለን። የፌስታሉ ከሰል ሲደማመር ከማዳበሪያው ዋጋ እንደሚበልጥ ሁላችንም እናውቃለን። ግን የማዳበሪያውን ሒሳብ በአንዴ ከየት እናምጣው? ወር ሳይሞላ ዱቤ አለ። ከዱቤ ቀጥሎ ብድር፣ ባስ ሲልም አራጣ። «እናት ታማለች» የሚል አንድ ስልክ ከተደወለ የከረመው ጥሪት ሁሉ ይሄዳል።

መጀመሪያ ያደረግነው ብር አዋጥተን ከሰሉን በማዳበሪያ፣ ዘይቱን በጀሪካን መግዛት ነው። ትንሽ ነገር ትመስላለች። ግን ከዚያ የተረፈችው ዕቁብ ለመግባት በቃች።

ዕቁቡ ላይ ትንሽ ልቆይ። ዕጣ ቶሎ የወጣለት ሰው ብሩን ከመውሰዱ በፊት ዋስ ያመጣል። ዋስ የሚሆነው ደግሞ ሱቅ ያለው ወይም ሰፈሩ በደንብ የሚያውቀው ሰው ነው። ከገጠር የመጣች የፋብሪካ ልጅ ማንን ትጠራለች? እኔን የታደጉኝ እትዬ የምንላቸው እንጀራ ሻጭ ጎረቤታችን ናቸው። «ልጄ ናት፣ እኔ አለሁላት» ብለው ፈረሙ። ዕጣ ሳይወጣልኝ ቀድሜ እንድወስድ ዳኛውን የለመኑልኝም እሳቸው ናቸው።

በዚያ ብር የኤሌክትሪክ ምጣድ፣ ባልዲዎችና ጤፍ ገዛሁ። ሙያውን እትዬ አሳዩኝ። ሊጡ ሲቦካ ላዩ ላይ ያቀረረው ውሃ ይደፋል። ከሊጡ ተቀንሶ በፈላ ውሃ አብሲት ይጣላል፤ ኩፍ ሲል ምጣዱ ላይ ይሰፋል። አብሲቱ ካልተስተካከለ እንጀራው ዓይን አያወጣም፣ ምግብ ቤቶችም አይቀበሉሽም። ቀን መብራት ስለሚቆራረጥ ሌሊት እጋግራለሁ፣ ጠዋት መናኸሪያ አካባቢ በባጃጅ አደርሳለሁ። ፋብሪካውን የለቀቅሁት በ2014፣ አገራችን ምርቷን ያለ ቀረጥ ለአሜሪካ ገበያ እንድታቀርብ ይፈቅድላት ከነበረው ከአጎዋ በተሰረዘችበት ሰሞን ነው።

ኋላ ላይ ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፈን ደርኮን የተባሉ የኢኮኖሚ ተመራማሪዎች እዚሁ ኢትዮጵያ ስለሠሩት ጥናት አነበብኩ። በአምስት ፋብሪካዎች ሥራ ያመለከቱ ወደ አንድ ሺህ የሚጠጉ ሰዎችን በዕጣ ከፋፈሉ። ለአንዱ ቡድን የፋብሪካ ሥራ፣ ለሌላው 300 ዶላር ገደማና አጭር ሥልጠና ሰጡ፤ ሦስተኛው ምንም አላገኘም። ከዓመት በኋላ ብር የተሰጣቸው ሰዎች ገቢ በሲሶ ገደማ አድጎ ተገኘ። ፋብሪካ እንዲገቡ የተመረጡት ግን ምንም ካላገኙት በገቢ አልተሻሉም። ቡድኑን የለየው ዕጣ ነው፣ ታታሪና ሰነፍ ተብሎ የተመረጠ የለም። ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ልዩነቱ በአብዛኛው ጠፍቷል። ይህም ይገባኛል። መነሻ ብር ያገኘ ሰው ይቆማል፤ ቀጥሎ የሚመጣውን ድንገተኛ የሚችልበት ከሌለው ግን ተመልሶ ይወድቃል።

ስለዚህ ትርፉን ሁሉ ሥራው ላይ አላፈስም። ዕድር ገባሁ። ለሕመምና ለመሰል ነገር ብቻ የማወጣው የባንክ ደብተር ከፈትኩ። በሐምሌ 2016 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደርጎ ኑሮው ሲንር፣ ጤፉን ቀድሜ በኩንታል ይዤ ስለነበር አራጣ ቤት አልሄድኩም።

የራሴ ድርሻ የለበትም አልልም። ሌሊት የምነሳው እኔ ነኝ። ለዘመድ «አሁን የለኝም» ማለትንም ለምጃለሁ፤ ከሁሉም የከበደኝ እሱ ነው። ግን ከደባሎቼ አንዷ ከእኔ ይልቅ ጎበዝና ቆጣቢ ነበረች። ዋስ አጥታ ዕጣዋ መጨረሻ ላይ ደረሳት፤ እሱም ለዕዳ ሆነ። አሁን አገሯ ተመልሳለች።

በዕቁባችን የምሟገተው ለዚህ ነው። ከመጀመሪያዎቹ ዙሮች አንዱ ከፋብሪካ ለመጣች ልጅ ያለ ዕጣ እንዲሰጥ፣ ዋስነቱንም ሦስት አባላት እንድንካፈል ጠይቄያለሁ። «ይዛ ብትጠፋስ?» የሚሉ አሉ። ስጋታቸው እውነት ነው። ሆኖም ዕዳው ለሦስት ሲካፈል ማናችንንም አይሰብርም። ሁለት ሰው ከእኔ ጋር ለመፈረም ተስማምቷል፤ ዳኛው በሚመጣው እሁድ ለድምፅ ያቀርበዋል።