«3፡00» የማን 3 ሰዓት ነው?

ይህን የምጽፈው በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለምትሠሩ ነው። ሥራውን ስጀምር አንድ ሰው ቀድሞ ቢያስጠነቅቀኝ ኖሮ፣ አንዲት እናት በሌሊት ተነስተው ደረቅ ቧንቧ ስር አይቆሙም ነበር።

የምሠራው በአራት ኪሎና በፒያሳ መሃል ባለች ትንሽ ቤተ መጻሕፍት ነው፤ ሥራዬም ክፍት መረጃን ለሰፈሩ ሰው ማቅረብ ነው። ክፍት መረጃ የምንለው ማንም ወስዶ የሚጠቀምበትን፣ የሚያሻሽለውንና መልሶ የሚያካፍለውን መረጃ ነው። ቢበዛ ምንጩን ጥቀሱ ወይም ያሻሻላችሁትንም ክፍት አድርጉ ይባላል። መጀመሪያ ላይ ያገኘሁትን ሁሉ አወረድኩ። የዓለም ባንክን ሠንጠረዦች፣ የ1999 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራን፣ የኦፕንስትሪትማፕን ካርታ። ማንም አልነካቸውም። ቆጠራው የከተማዋን ሕዝብ 2,739,551 ይላል፤ ለሚ ኩራ የሚባል ክፍለ ከተማም የለበትም፣ ያኔ ገና አልተቋቋመምና። ባወረድኩት ካርታ ላይ ደግሞ በ2016 ዓ.ም. የፈረሱት የፒያሳ ቤቶች እንደቆሙ ናቸው። ካርታውን ማንም ማረም ስለሚችል የሰፈሩ ወጣቶች አንድ ቅዳሜ ቁጭ ብለው አስተካከሉት።

ከዚያ በኋላ ነው መግቢያው ላይ ደብተር ያስቀመጥኩት። «ስለ ሰፈራችሁ ምን ማወቅ ትፈልጋላችሁ?» ብዬ ጻፍኩበት። በሳምንቱ ገጹ በአንድ ጥያቄ ተሞላ፦ ውሃ መቼ ነው የሚመጣው?

የፈረቃውን ዝርዝር በሶፍት ኮፒ ለማግኘት ደብዳቤ ይዤ ወደሚመለከተው ቢሮ ሄድኩ። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ነገ ተመለስ። መዝገብ ቤት ጠይቅ። የድጋፍ ደብዳቤ አምጣ። አራት ጊዜ ተመላለስኩ። አዋጅ ቁጥር 590/2000 የመንግሥት መሥሪያ ቤት ለመረጃ ጥያቄ በ30 ቀን ውስጥ ምላሽ እንዲሰጥ እንደሚያዝ ያወቅሁት ከዚያ በኋላ ነው። እናንተ የአዋጁን ቁጥር ከመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ ጻፉት። በትሕትና ጠይቁ የሚሏችሁ ይኖራሉ። እኔ በትሕትና ጠይቄ ሁለት ወር አለፈኝ።

በመጨረሻ የተሰጠኝ ተጣሞ ስካን የተደረገ አንድ ወረቀት ነው። የማህተሙ ቀለም የሁለት ሰፈር ስም ሸፍኗል። የእኛ ሰፈር ረድፍ ላይ «3፡00 – 8፡00» ይላል። ማታ ይሁን ጠዋት አይልም።

ወረቀቱን ኤክሴል ላይ የጻፈልን በፈቃዱ የሚያግዘን ተማሪ ነው። ቁጥሩን በፈረንጅ ሰዓት የተጻፈ መስሎት ወደ እኛ ቀየረው። ስለዚህ ለጥፈን ያከፋፈልነው ወረቀት «ከሌሊቱ 9 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት» የሚል ሆነ። ልጁን አልወቅስም። አይቼ ያጸደቅኩት እኔ ነኝ። አንድ የሰፈር ሰው ጠርቼ «ውሃ በስንት ሰዓት ነው የሚመጣላችሁ?» ብል ኖሮ በአንድ ደቂቃ ያልቅ ነበር።

ከሦስት ቀን በኋላ እንጀራ ጋግረው የሚሸጡ አንዲት እናት መጡ። ከነጠላቸው ጫፍ ቋጠሮ ፈትተው ያንን ወረቀት አወጡ። አራት ቦታ ታጥፏል።

«ልጄ፣ ይህን አምኜ በ9 ሰዓት ተነሳሁ። ጀሪካኑን ደርድሬ እስኪነጋ ጠበቅኩ። ጠብ አላለም።»

ውሃው ማታ በ3 ሰዓት መጥቶ ሌሊት በ8 ሄዷል። በአንድ ሰዓት ነው ያመለጣቸው። የዚያን ቀን ሊጥ አላቦኩም፤ የቀን ገቢያቸው ቀረ። ምን እንደምላቸው ጠፋኝ። ቢሮው ሄጄ ስናገር «ማታ መሆኑን ማን የማያውቅ አለ?» ተባልኩ። ንዴቱ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። ሁሉም የሚያውቀው ከሆነ ለምን አልተጻፈም?

አሁን የምሠራው እንዲህ ነው። የተሰጠኝን ቁጥር ሳልነካ በአንድ ዓምድ አስቀምጣለሁ። አጠገቡ «ማታ»፣ «ሌሊት»፣ «ጠዋት» የሚል ቃል እጨምራለሁ። ባለሙያዎች ቀንና ሰዓት በዓለም አቀፉ አጻጻፍ ብቻ ይሁን ይላሉ። ለኮምፒውተር ይሁን፤ ለሰፈር ሰሌዳ ግን አልቀበለውም። ዓመት ስትጽፉም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ሳትሉ አትለፉ። «2017 በጀት ዓመት» ሐምሌ 1 ቀን 2016 ዓ.ም. ነው የሚጀምረው፤ እ.ኤ.አ. 2017 መስሎት ሠንጠረዥ ያበላሸ ሰው አይቻለሁ። መረጃውን የተቀበላችሁበትን ቀን ከላይ በትልቁ ጻፉ።

ፊደልም አለ። «ሠራተኛ ሰፈር» ብለን ጽፈን «ሰራተኛ ሰፈር» ብሎ የፈለገ ሰው ምንም አላገኘም። ሁለቱንም አስገቡ። ስምና ስልክ ያለበት ዝርዝር ከመጣላችሁ ደግሞ እንዳትለጥፉት፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 አለ። አዋጁ ባይኖርም የጎረቤት ስልክ ግድግዳ ላይ አይለጠፍም።

ብዙ መረጃ ማውጣት ጥሩ ነው ይባላል። እኛ ያለን ሦስት ሠንጠረዥ ብቻ ነው፤ ሦስቱም ከደብተሩ ጥያቄ የመጡ ናቸው።

ፈረቃው በተቀየረ ቁጥር ረቂቁን ይዤ መጀመሪያ እኚያ እናት በር ላይ እሄዳለሁ። ባለፈው ምጣዱን አሰስ አድርገው ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ጣታቸውን በየረድፉ አስኬዱና አንዱ ላይ ቆሙ።

«ይኼ ሐሙስ አይደለም፤ ረቡዕ ነው።»

እዚያው በእስክሪብቶ አረምኩት።