አራተኛው የቅዳሜ ጉዞ፦ ከዓለም ገና ወደ መልካ ቁንጡሬ

አብረውኝ ለሁለተኛ ዲግሪ የሚማሩትን የውጭ አገር ተማሪዎች ይዤ በአዲስ አበባ ዙሪያ መጓዝ ከጀመርኩ ያለፈው ቅዳሜ አራተኛው ሆነ። እንደ እኔ ማስጎብኘትን በትርፍ ጊዜያቸው ለሚለማመዱ ጓደኞቼ እንደ ልማዴ የተሳካውንም ያልተሳካውንም እጽፋለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ፣ እንጦጦን አቋርጠን ወደ ሱሉልታ በወረድንበት ዕለት፣ የመነሻውን ጊዜ «አንድ ሰዓት» ብዬ በመናገሬ ግማሹ ሰው ከምሳ በኋላ ሊመጣ አስቦ ነበር። በሁለተኛው የዝናብ ልብስ አስይዛቸው ዘንድ ረስቼ በመናገሻ ሱባ ደን ውስጥ ሁላችንም በሰበስን። በሦስተኛው ደግሞ ከሆለታ ጀምሮ ስለ ምኒልክ ዘመን ያለማቋረጥ ሳወራ ስለነበር አዲስ ዓለም ማርያም ስንደርስ የሚሰማኝ ሰው አልቀረም። ሰዓቱና ልብሱ በቀላሉ የሚታረሙ ናቸው፤ የወሬዬ ነገር ግን ይህን ጉዞም ሊያበላሸው ምንም አልቀረውም።

ሰባት ነበርን፤ ሹፌሩ ስምንተኛ። በኮንትራት የያዝነው ሚኒባስ ተማሪዎቹን ከስድስት ኪሎ ጭኖ እኔን ከቤቴ ደጃፍ፣ ከዓለም ገና አነሳኝ። እዚያው ላይ ውሃ ለመግዛት ወርደው የነበሩት ሲመለሱ ኬንያዊው ጓደኛችን ከፊት ለመቀመጥ ብሎ የሹፌሩን በር ከፍቶ ሊገባ ሲል ሹፌሩ «ወንድሜ፣ ልትነዳልን ነው?» አለው። በኬንያ መኪና በግራ በኩል ስለሚነዳ መሪው በቀኝ ነው፤ ልጁ አዲስ አበባ ከገባ ሰባት ወር ቢሞላውም እጁ ገና አልለመደም። መንገድ ሲያቋርጥም መጀመሪያ ወደማይመጣው መኪና ነው የሚያየው። ከእንግዲህ አስፋልት በምናቋርጥበት ቦታ ሁሉ ከእሱ አጠገብ እንድቆም ማስታወሻዬ ላይ ጽፌአለሁ።

ዓለም ገና ላይ የጅማው መንገድ ወደ ሰበታ ይቀጥላል፤ እኛ ግን ወደ ደቡብ፣ በቡታጅራው መንገድ ታጠፍን። ጥቂት እንደሄድን ኬላ ላይ መታወቂያ ተጠየቅን፤ አንደኛው ተማሪ የመኖሪያ ፈቃዱን መኝታ ክፍሉ ትቶ ስለመጣ በስልኩ የያዘውን ፎቶ አሳይቶ እስክንለቀቅ ድረስ ወደ ግማሽ ሰዓት ቆመናል። ይህ የእኔ ጥፋት ነው፤ ከመነሳታችን በፊት የእያንዳንዱን ሰው ሰነድ በዓይኔ ማየት ነበረብኝ።

መልካ ቁንጡሬ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ አዋሽ ገና ወጣት ወንዝ ሆኖ በሚያልፍበት ደጋ ላይ ይገኛል። ለዚህ ቦታ አራት ገጽ በእንግሊዝኛ ጽፌ ተዘጋጅቼ ነበር። ሥፍራው እ.ኤ.አ. በ1963 ኼራርድ ዴከር በተባለ ሆላንዳዊ የውሃ ባለሙያ እንደተገኘ፣ ከ1965 ጀምሮ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ቁፋሮውን እንደመራ፣ እሳተ ገሞራ የተፋው አመድ በንብርብር ተኝቶ ዕድሜውን ለመቁጠር እንደረዳ፣ ከሁሉም በታች ያለው ንብርብር ወደ ሁለት ሚሊዮን ዓመት እንደሚጠጋ፣ ጎምቦሬ በተባለው ክፍል 700,000 ዓመት ያስቆጠረ የአዋቂና የሕፃናት እግር ዱካ እንደተገኘ፣ በአቅራቢያው ካለው የባልጭት መንደር ጋር ተደርቦም በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት እንደተመዘገበ በቅደም ተከተል ደርድሬዋለሁ። ከመኪናው ወርደን ጎጆ መስለው ወደተሠሩት የሙዚየሙ ክፍሎች ስንሄድ ማንበብ ጀመርኩ። ሁለተኛው ገጽ ላይ ስደርስ ሱዳናዊቷ ጓደኛችን ከመስታወቱ ሥር ባለው ድንጋይ ላይ ተደፍታ «ይህ በሰው እጅ መሠራቱ በምን ይታወቃል?» ስትል ጠየቀችኝ። በአራቱም ገጾች ውስጥ የዚህ መልስ አልነበረም።

ያዳነን የቦታው አስጎብኚ ነው፤ ዕድሜው የገፋ፣ በኦሮምኛም በአማርኛም እኩል የሚናገር ሰው ነው። «ጋሼ፣ እስቲ እርስዎ ይንገሯት» አልኩት። እሱም ለማሳያ ብሎ ከሚያስቀምጣቸው ድንጋዮች አንዱን፣ ከአውራ ጣት የማይበልጥ ጥቁር ስባሪ፣ አምጥቶ መዳፏ ላይ አኖረላት። በውኃ ወይም በውርጭ የተሰበረ ድንጋይ እንደ ዕድሉ ይሰነጠቃል፤ ሰው አስቦ የመታው ግን ምቱ ያረፈበት ጠፍጣፋ ከንፈር ይኖረዋል፣ ከዚያ ከንፈር ሥር በሆዱ በኩል ትንሽ እብጠት ይወጣል፣ ከእብጠቱም ጀምሮ ድንጋይ የተጣለበት ኩሬ እንደሚያወጣው ዓይነት ክብ ሞገድ እየሰፋ ይሄዳል። ጣቷን በእብጠቱ ላይ አሳለፈችበት፤ ከዚያ ስባሪው ከእጅ ወደ እጅ ዞሮ ሁሉም ሰው እየዳሰሰ አረጋገጠ። ወደ ፀሐይ ሲያነሱት ውፍረቱ ያለበት ጋ እንደ ከሰል ጥቁር ነው፤ ጠርዙ ግን ከመሳሳቱ የተነሳ ብርሃን ያሳልፋል፣ ቀለሙም ያልጠነከረ ቡና ይመስላል። አስጎብኚው ከእኔ ወረቀቶች አንዱን ለመነና በጠርዙ ዳር አንዴ ሳብ ቢያደርገው አራተኛው ገጼ ለሁለት ተከፈለ። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ፣ ምንም እንኳ ስለ ዓለም ቅርስነቱ የጻፍኩት እሱ ላይ የነበረ ቢሆንም።

ድንጋዩን እኔ በእንግሊዝኛ «ኦብሲዲያን» እያልኩ ስተረጉም ሽማግሌው «ምንድን ነው የምትለው? ባልጩት ነው እንጂ» አለኝ። እዚህ ላይ ደንግጫለሁ። ባልጩት የሚለውን ቃል ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ፤ ነገር ግን እሳት የሚጫርበት ማንኛውም ጠንካራ ድንጋይ ይመስለኝ ስለነበር ከመጽሐፍ ካነበብኩት ጥቁር የእሳተ ገሞራ መስታወት ጋር አንድ ቀንም አገናኝቼው አላውቅም። ከወንዙ በስተሰሜን ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ያለው የባልጭት መንደር ስሙን ያገኘው ከዚሁ ነው፤ ከአንድ ሚሊዮን ዓመት በላይ ሰዎች መሣሪያ ለመሥራት የተጠቀሙበት ባልጩት የሚገኘው እዚያ ነው። መልካ ደግሞ በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት ነው። ሁለቱን ስሞች ብቻ ፈትቼ ብነግራቸው ኖሮ ሰዎች ወደዚህ የመጡበት ምክንያት፣ ድንጋዩም ውኃውም፣ ያለ አራት ገጽ ይገባቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። የእጅ መጥረቢያዎቹ ጋ ስንደርስ፣ እጀታ የሌላቸው፣ በሁለቱም ፊት ተጠርበው እንደ እንባ ጠብታ ወደ ጫፋቸው የሾሉ ናቸው፣ ኬንያዊው በድንገት ንግግሩን ከእኔ ወሰደው። በናይሮቢ አቅራቢያ ኦሎርጌሳይሊ በሚባል ቦታ ተመሳሳይ መጥረቢያዎች መሬት ላይ ተነጥፈው እንደሚታዩ፣ ቦታውንም ሜሪና ሉዊ ሊኪ የተባሉት አርኪዮሎጂስቶች እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ እንደቆፈሩት፣ እሱ ግን በትምህርት ቤት ጉዞ ሄዶ ከሁሉ የሚያስታውሰው ሙቀቱን እንደሆነ ነገረን። ሃያ ደቂቃ ያህል እሱና ሽማግሌው በእኔ አስተርጓሚነት ሲወያዩ፣ የድንጋዩ ዓይነት ይለያይ እንደሆነና መጠኑ የትኛው እንደሚበልጥ በእጃቸው እየለኩ ሲከራከሩ፣ እኔ ከማስተርጎም ሌላ አንድ ቃል አልጨመርኩም። ከአራቱ ጉዞዎች ሁሉ ምርጡ ሰዓት ይህ ነበር ብዬ አምናለሁ።

አንድ የማያስደስት ነገርም ተፈጥሯል። ልንወጣ ስንል ከተማሪዎቹ አንዱ ከመንገዱ ዳር ያነሳትን ትንሽ የባልጩት ስባሪ ኪሱ እንደከተተ ጥበቃው አይቶ አስቆመን። ልጁ ሊሰርቅ አስቦ አልነበረም፤ መሬት ላይ የወደቀ ድንጋይ የማንም አይደለም ብሎ ነው። ጥበቃው አልተቆጣም፤ «ቁጥር ባይጻፍበትም የቦታው ነው» ብሎ ካነሳበት ሥፍራ ራሱ ወስዶ እንዲመልሰው አደረገ። ድንጋይ ከተኛበት ከተነሣ የትኛው ንብርብር ውስጥ እንደነበረ ስለማይታወቅ የሚናገረው ነገር አብሮ ይጠፋል፤ ይህን ከመግባታችን በፊት መናገር የእኔ ፋንታ ነበር።

ምሳ የበላነው አዋሽ መልካ ላይ ነው። የሁዳዴ ጾም በመሆኑ የሥጋ ነገር አልተነሳም፤ ይህም ሳላስበው ትልቅ ጣጣ አቃለለልኝ፣ ምክንያቱም ከመካከላችን ሁለቱ ሙስሊሞች፣ አንዷ ደግሞ ከእንስሳት የሚገኝ ምግብ የማትቀምስ ናት። ሁለት ትልልቅ በየዓይነቱ መጥቶ ሁሉም ከአንድ ትሪ በላ። ከዚህ በኋላ ረቡዕና ዓርብን ወይም የጾም ወራትን ለጉዞ እንደምመርጥ ስነግረው ሹፌሩ «እኔ ግን ከፋሲካ በኋላ ጥሩኝ» ብሏል።

ከምሳ በኋላ የሄድንባትን ጢያን በችኮላ ነው ያየነው። በ1980 እ.ኤ.አ. በዓለም ቅርስነት የተመዘገቡትና ሰይፍ የተቀረጸባቸው ትክል ድንጋዮች ሙሉ ከሰዓት ይገባቸው ነበር፤ እኛ ግን ሳይመሽ ለመመለስ ስንል አርባ ደቂቃ ብቻ ቆየን፣ ብዙዎቹም ፎቶግራፍ ሲያነሡ አለቀ። ሁለቱን ቦታዎች በአንድ ቀን ማጣመር ስህተት ነው ባልልም ሦስተኛ መጨመር ግን የማይታሰብ ነው፤ አዳዲ ማርያምን ከዕቅዱ ያወጣሁት ጠዋት ኬላው ላይ ቆመን ሳለን ነበር።

ማታ ቤት ገብቼ ስለ ባልጩቱ ለእናቴ ስነግራት ምንም አልገረማትም። የአያቷ እናት ልጆቿን የምትላጨው በባልጩት እንደነበር፣ ምላጭ በየሱቁ ከመግባቱ በፊት ሌላም እንዳልነበረ ሰምታለች። ይህን ሁሉ ዘመን ለምን አልነገርሽኝም ብላት «መቼ ጠየቅኸኝ?» አለችኝ። ለሚቀጥለው ጉዞ ያሳደርኩት አዳዲ ማርያም ከዓለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ስለሆነ ጫማ አውልቀን ነው የምንገባው፤ ሴቶቹም ነጠላ ያስፈልጋቸዋል። ለአምስተኛው ጉዞ ነጠላዎቹን እንድታውሰኝና አብራን እንድትመጣ ለመንኳት። ነጠላውን እሺ ብላለች፤ ለመምጣቱ ግን ከፊት ወንበር ላይ የሚቀመጠው ኬንያዊ እንዲለቅላት ጠይቃለች።