ሐምራዊው ሪባን

ያን ቅዳሜ የደህንነት ዴስኩ ተረኛ ኃላፊ እኔ ነበርኩ። ቦታው ዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ ያለ ትልቅ ሆቴል ነው፤ የኮሚክ፣ የአኒሜና የሳይንስ ልብወለድ አድናቂዎች ለሦስት ቀን ይሰበሰቡበታል። ሰዉ የሚወደውን ገጸ ባሕርይ ልብስ ለብሶ ይመጣል፤ ይህን ኮስፕሌይ ይሉታል። የእኛ ሥራ የጠፋ ልጅ ከወላጆቹ ማገናኘት፣ የታመመ ማሳከምና ትንኮሳ የደረሰበትን ሰው ቅሬታ መቀበል ነው።

መግቢያው ላይ «ኮስፕሌይ ፈቃድ አይደለም» የሚል ሰሌዳ ቆሟል፤ ልብሱ ለመንካት ፈቃድ አይሆንም ለማለት ነው። ኒውዮርክ ኮሚክ ኮን የተባለው የአድናቂዎች ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2014 ያቆመው ዓይነት። በዚያ ዓመት አዘጋጆቹ ሌላ ነገር ጨመሩበት፦ ባጅ ላይ የሚንጠለጠል ሐምራዊ ሪባን፣ «ካስቸገሩሽ ወደ እኔ ነይ» የሚል። ወንዶቹ ተሰልፈው ወሰዱት። ስም አልመዘገብንም፣ የጠየቀ ሁሉ ተሰጠው። አብዛኛውን ያደልኩት እኔ ነኝ፤ ያደልኩትም ደስ እያለኝ ነበር።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ገደማ አንዲት ወጣት መጣች። ከሽቦና ከስስ ጨርቅ የሠራችው ክንፍ ጀርባዋ ላይ ተጣሟል። አንድ ሰው ከኋላ ፎቶ እያነሣ ሲከተላት ሪባን ወዳለው ሰው ሮጣ ነበር። እሱም ፎቶ አንሺውን አባረረላት። «ከዚያ በኋላ ግን አልለቅ አለኝ» አለች። ቦርሳዋን ያዘላት፣ ወገቧን አቀፋት፣ የክፍሏን ቁጥር ጠየቃት፣ ሊፍቱ ድረስ ተከተላት። «አመስግኚኝ የሚለኝ ይመስል ነበር።»

ቅጹን መሙላት ጀመርኩ፤ እዚያው ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እየሰማ። ይህ የእኔ ጥፋት ነው። ከኋላችን በር ያለው ክፍል ነበር፣ አላስገባኋትም።

አጠገባችን የቆመ ሌላ ባለ ሪባን ሰማ። «የታለ? አሁኑኑ አሳዪኝ!» ብሎ ጮኸ። ሰው ተሰበሰበ፣ ስልኮች ወጡ። ልጅቷ ዝም አለች። ማታ ይኸው ሰው «ወንዶች ምን እናድርግ?» በሚል ውይይት መድረክ ላይ ተቀመጠ፤ እንባ እየተናነቀው ታሪኳን አወራው። ስሟን አልጠራም፣ «ባለ ክንፏ» ነው ያለው። በዚያ ሆቴል ውስጥ ክንፍ ያላት እሷ ብቻ ነበረች። በአዳራሹ የነበረ ሁሉ ዞሮ አያት።

መጸዳጃ ቤት ገብታ ክንፏን አውልቃ በላስቲክ ይዛው ወጣች። «ቅሬታዬን ልተወው» አለችኝ። አላስገደድኳትም።

መኪናዋ ምድር ቤት ነበር የቆመው። ፓርኪንጉን የሚጠብቁት ያገሬ ሰው ናቸው፣ በዕድሜ የገፉ። «ጋሼ፣ ይቺን ልጅ መኪናዋ ድረስ ይሸኙልኛል?» አልኳቸው። «እሷን ጠይቂያት ልጄ፤ አብሬያት ልሂድ ወይስ ከዚሁ ልያት?» አሉኝ። ጠየቅኳት። ከሩቅ ቢሆን እመርጣለሁ አለች። መብራቱ ሥር ቆመው ሞተሩ እስኪነሣ፣ መኪናዋ እስክትወጣ ጠበቁ። ያን ቀን ምን እንደምትፈልግ እንድትጠየቅ ያሰቡት እሳቸው ብቻ ናቸው። እሳቸው እስኪሉኝ እኔ እንኳ አልጠየቅኳትም ነበር።

እሁድ ጠዋት በአዘጋጆቹ ስብሰባ የመድረኩን ነገር አነሣሁ። «ክፉ አላሰበም፣ ከልቡ አዝኗል» አሉኝ። ማዘኑን አልተጠራጠርኩም። ነገር ግን እ.ኤ.አ. በ2012 ማሳቹሴትስ ውስጥ ሪደርኮን በተባለው ጉባኤ የሆነውን አስታወስኳቸው፤ ደንቡ ተንኳሽ ለዘለቄታው ይታገዳል ይል ነበር፣ ቦርዱ ግን ሰውየው ተጸጽቷል ብሎ በሁለት ዓመት እገዳ ብቻ አለፈው። ተቃውሞው በርትቶ የቦርዱ አባላት ሥልጣን ለቀቁ፣ እገዳውም ዘላቂ ሆነ። የሰውየው ጸጸት ሲመዘን የሴትዮዋ ደህንነት ሚዛኑ ላይ አልወጣም ነበር። እኛም ያን ጠዋት ግማሹን ሰዓት ስለ አንድ ወንድ ስሜት ነው ያወራነው፤ ይህ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

በቀጣዩ ዓመት ሪባኑ ቀረ። የሠለጠኑ በጎ ፈቃደኞች ቁጥር ያለው ሰደርያ ለበሱ፤ ቁጥሩ ያስፈለገው በራሳቸው ላይም አቤት እንዲባል ነው። ቅሬታ በር ተዘግቶ ነው የሚሰማው፤ የቅጹም የመጀመሪያ ጥያቄ «ምን እንዲደረግ ትፈልጊያለሽ?» ሆነ።

ወደዚያ ወደ ስብሰባው እሁድ ልመለስ፦ ከሰዓት የዴስኩ ስልክ ጮኸ። እሷ ነበረች። «ቅጹ አለ ወይስ ቀደድሽው?» አለች። መሳቢያዬ ውስጥ ነበር። አንብቢልኝ አለችኝ፤ ቀስ ብዬ አነበብኩላት። «ሪባን ያሰረው ረዳት» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመችኝ።

«ረዳት የሚለውን ሰርዢው።»

ሰረዝኩት። «አሁን ላኪው» አለች።