ከአንድ ኮሮጆ ሦስት አሸናፊ

የእድር፣ የቁጠባና ብድር ወይም የቤት ሠሪዎች ማኅበር ምርጫ ልታስፈጽሙ የተዘጋጃችሁ ሰዎች፣ ይህን የጻፍሁት ለእናንተ ነው። እኔን ቀድሞ የመከረኝ አልነበረም። ጎንደር ማራኪ አካባቢ ያለው እድራችን ሰብሳቢ ሲመርጥ የአስመራጭ ኮሚቴው ጸሐፊ ነበርሁ፤ ከአንድ ኮሮጆ ሦስት አሸናፊ ሲወጣ አይቻለሁ። ድምፅ አልተሰረቀም፣ ወረቀት አልጠፋም። የተለያየው የቆጠራው ስልት ብቻ ነው።

ቀድሞ የምንመርጠው እጅ በማውጣት ነበር፤ ብዙ እጅ የወጣለት ያልፋል። የቀድሞው ሰብሳቢ የተመረጡት ከግማሽ የሚበልጠው አባል ድምፁን ለሌሎች ሁለት ዕጩዎች ስለበተነ ነው። ያ ወገን ቅሬታውን ሳይተው፣ መዋጮውን እየጎተተ ኖረ። የአገራችን የፓርላማ ምርጫም በዚሁ ስልት ነው የሚሄደው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 54 መሠረት በምርጫ ክልሉ ከተወዳዳሪዎቹ የበለጠ ድምፅ ያገኘ ይመረጣል፤ ግማሹን ማለፍ አይጠበቅበትም።

ስለዚህ እያንዳንዱ አባል ዕጩዎቹን አንደኛ፣ ሁለተኛ፣ ሦስተኛ ብሎ ደረጃ እንዲሰጥ ሐሳብ አቀረብሁ፤ ጸደቀ። ዝግጅቱ አላስቸገረም። ወረቀት አባዛን፤ ለነጋዴው ጃንጥላ፣ ለጡረተኛው መምህር ፋኖስ፣ ለነርሷ ጀበና ምልክት ሰጠን፤ ጥምቀት አልፎ ከተማው እንግዶቹን ከሸኘ በኋላ ባለው እሑድ ጉባኤ ጠራን።

አጥብቄ የያዝሁት አንድ ነገር ነበር፦ የቆጠራው ስልት ድምፅ ከመሰጠቱ በፊት ተጽፎ ይፈረምበት። የኮሚቴው ሰብሳቢ «መጀመሪያ ውጤቱን እንየው፤ አሁን ሰው አታደናግር» አሉኝ። ቃለ ጉባኤያችንን በማኅተም ከሚያጸድቀው ጽሕፈት ቤት ለታዛቢነት የተላከው ባለሙያም «የእድሮች ናሙና ደንብ አብላጫ ድምፅ ይላል፤ ይበቃል» አለ። የምን አብላጫ? የአንደኛ ደረጃ ነው? የነጥብ ድምር ነው? ሁለት ሁለቱን በማነጻጸር ነው? ደንቡ አይናገርም። ይህን ባሰብሁ ቁጥር እስከ ዛሬ እበሽቃለሁ።

ቆጠራው ገና ሲጀመር ባለሙያው አንድ ወረቀት አንሥቶ «ይህ ይሰረዝ» አለ። ቁጥር መጻፍ የማይችሉ እናት በእርሳስ ከጀበናው ጎን አንድ ጭረት፣ ከፋኖሱ ጎን ሁለት፣ ከጃንጥላው ጎን ሦስት ጭረት ስበዋል። ከዚህ በላይ ምን ይጻፍ? እንዲህ ዓይነት ወረቀቶች ሌሎችም ነበሩ፤ ተከራክሬ ሁሉንም አስቆጠርሁ። የመራጩ ፍላጎት ካለጥርጥር ከታወቀ ድምፁ ድምፅ ነው፤ ማንም ባለሙያ ሌላ ቢነግራችሁ አትስሙት።

በጥቁር ሰሌዳው ላይ 91 ድምፅ ሰፈረ። 38 አባላት ነጋዴውን አንደኛ፣ ነርሷን ሁለተኛ፣ መምህሩን ሦስተኛ አድርገዋል። 31 አባላት መምህሩን አንደኛ፣ ነርሷን ሁለተኛ፣ ነጋዴውን መጨረሻ። ነርሷን ያስቀደሙት 22 ሲሆኑ፣ 16ቱ መምህሩን፣ 6ቱ ነጋዴውን አስከትለዋል።

የነጋዴው ደጋፊዎች «38 ከሁሉ ይበልጣል፣ አለቀ» ብለው አጨበጨቡ። የመምህሩ ወገኖች ተነሡ፦ «ትንሽ ያገኘችው ትውጣና የመራጮቿ ድምፅ ለሁለተኛ ምርጫቸው ይሰጥ»። ሲሰላ መምህሩ 47፣ ነጋዴው 44 ሆኑ። ይህም ከሜዳ የመጣ ሐሳብ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1990 በአየርላንድ የፕሬዚዳንት ምርጫ በመጀመሪያው ቆጠራ ብራያን ሌኒሃን ሲመሩ ቆይተው፣ የሦስተኛው ዕጩ ድምፅ ሲከፋፈል ያሸነፉት ሜሪ ሮቢንሰን ናቸው።

እኔ ደግሞ ሁለት ሁለቱን አነጻጽሬ አሳየሁ። ነርሷና ነጋዴው ብቻቸውን ቢወዳደሩ 53 ለ 38 ነርሷ። ነርሷና መምህሩ ቢወዳደሩ 60 ለ 31 አሁንም ነርሷ። ፈረንሳዊው ኮንዶርሴ እ.ኤ.አ. በ1785 ያቀረበው መለኪያ ይኸው ነው፦ ሁሉንም አንድ በአንድ የሚረታ ካለ እሱ ይመረጥ። የአገሩ ሰው ቦርዳ ባቀረበው የነጥብ ስልት፣ ለአንደኛ 2፣ ለሁለተኛ 1 ተሰጥቶ ሲደመርም ነርሷ 113፣ ነጋዴው 82፣ መምህሩ 78 አገኙ። ዝቅተኛውን እያወጡ በመቁጠር ግን መጀመሪያ የምትወድቀው እሷ ናት። በአሜሪካ ቨርሞንት ግዛት የበርሊንግተን ከተማ እ.ኤ.አ. በ2009 ከንቲባ ስትመርጥ የሆነው ይህ ነው፤ ሌሎቹን ሁሉ አንድ በአንድ ይረታ የነበረው ዕጩ ሦስተኛ ሆኖ ወጣ፤ ከተማዋም በዓመቱ ስልቱን ሻረችው።

ከዚያ የሆነውን ማንም መገመት ይችላል። ሳምንታት ሙሉ ዝም ያለ ሁሉ ለራሱ ዕጩ የሚበጀውን ቆጠራ ይዞ ተሟገተ። ቃለ ጉባኤውን ይዤ ጽሕፈት ቤቱ ስሄድ ባለሙያው «38 ያገኘው አሸነፈ ብለህ ጽፈህ ካልመጣህ ማኅተም የለም» አለ። ጉባኤው ያልወሰነውን አልጽፍም አልሁ። ሌላ ጊዜ ስመለስ ፋይሉ ኃላፊው ዘንድ ነው፤ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው። ያለ ጽሕፈት ቤቱ ደብዳቤ ባንኩ ፈራሚ አይቀይርም፤ የቀድሞዎቹም ዘመናቸው ስላበቃ መፈረም አይችሉም። በዚህ መሐል የአንድ አባላችን እናት አረፉ። የእድሩ ገንዘብ ባንክ ተቀምጦ፣ እኛ ድንኳን ሥር ከየኪሳችን አዋጣን። ያን ቀን ለለቀስተኛ የሚሆን መልስ አጥቼ አንገቴን ደፋሁ።

መፍትሔው ሌላ ጉባኤ ሆነ። በመጀመሪያ ሁለት ሁለቱን የማነጻጸር ስልት ደንባችን ውስጥ ገባ፤ ከዚያ እንደገና ድምፅ ተሰጠ፤ ነርሷ ተመረጡ። የተጻፈ ደንብ ሲቀርብለት ባለሙያው አንድም ቃል ሳይናገር ማኅተሙን መታ።

«መራጮቹ የመጀመሪያውን ውጤት አውቀው በሁለተኛው ጉባኤ ደረጃውን ሆን ብለው በማዛባት ለምን አላጭበረበሩም?» የሚለኝ አለ። በዚያ ሰሌዳ ላይ ማጭበርበር አያዋጣም። የነጋዴው 38 ደጋፊዎች ነርሷን ሆን ብለው መጨረሻ ቢያደርጓት፣ መምህሩ እሷን 69 ለ 22፣ ነጋዴውንም 47 ለ 44 ይረታሉ፤ ከሁሉ የማይፈልጓቸውን አነገሡ ማለት ነው። ሁልጊዜ እንዲህ አይሆንም። የኢኮኖሚ ምሁሩ ኬኔት አሮው እ.ኤ.አ. በ1951 እንዳረጋገጠው፣ ዕጩዎች ሦስትና ከዚያ በላይ ሲሆኑ ተገቢ የምንላቸውን መመዘኛዎች በሙሉ የሚያሟላ የደረጃ ስልት የለም። ይህን ሰምተው «እንግዲያ የለመድነው ይሻላል» የሚሉትን ግን አልቀበልም። የጉድለቱ መጠን እኩል አይደለም፤ አብዛኛው አባል የማይፈልገውን ሰው የሚሾም ስልት ለእድር አይሆንም።

በቀዳሚዎቹ ሁለት ዕጩዎች መካከል ሁለተኛ ዙር ይደረግ የሚል ምክርም ትሰማላችሁ። በፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ2002 በተደረገው የፕሬዚዳንት ምርጫ ዕጩዎች 16 ሆነው ድምፅ ሲበታተን፣ ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዦስፓን በመጀመሪያው ዙር ሦስተኛ ወጥተው ቀሩ፤ ወደ ሁለተኛው ዙር ከሺራክ ጋር ያለፉት ለፔን ናቸው። በእኛ ሰፈር ደግሞ አዛውንቶቹን በሁለተኛው እሑድ ዳግም ማሰባሰብ ዘበት ነው።

ደንባችሁን ስትጽፉ አንድ አንቀጽ አትርሱ። ሀ ለን፣ ለ ሐን፣ ሐ ደግሞ ተመልሶ ሀን የሚረታበት ዙሪያ ጥምጥም ሊመጣ ይችላል፤ ኮንዶርሴ ራሱ አይቶታል። እኛ «በጠባቡ ልዩነት የተገኘው ብልጫ ይሰረዝ፤ ልዩነቱም እኩል ከሆነ በዕጣ ይለይ» ብለን ጽፈናል። ባለሙያው ይህ አንቀጽ አያስፈልግም ብሎ ሊያስወጣው ነበር። አላስወጣንም።