«እንኳን ደህና መጡ» ደጄ ላይ ያስተከለው ድንኳን

አዳማ ውስጥ፣ ከፍራንኮ ብዙም በማይርቀው ሰፈራችን፣ 86 አባወራና እማወራ ያቀፈ እድር አለን። እኔም ጽሕፈቴ ያምራል በሚል ሰበብ፣ እውነቱን ለመናገር ግን ከሌሎቹ የተሻለ ስልክ ስላለኝ፣ የእድሩ ጸሐፊ ከሆንኩ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ዘንድሮ ሊቀመንበራችን የእድሩ የቴሌግራም ግሩፕ በአዲስ መልክ እንዲከፈት፣ ለሚገባውም አባል ሁሉ የአቀባበል መልእክት የሚልክ ቦት እንዲገጠምለት አዘዙ። እኔም «ወደ እድራችን እንኳን ደህና መጡ። ለምዝገባ የጸሐፊው ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ነው» ብዬ ጻፍኩና ለአስተያየት በአሮጌው ግሩፕ ላይ ለጠፍኩት። ሥራው በዚያው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

መጀመሪያ የተቃወሙት የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ናቸው። «ልጄ፣ ለመሆኑ ሰው ወደ እድር ደህና ሆኖ መጥቶ ያውቃል?» የሚል የድምፅ መልእክት ላኩ። መልስ አጣሁ፤ እርሳቸው ብረት ድስቱንና አግዳሚ ወንበሩን ቆጥረው የሚያስረክቡት ቤቱ ሐዘን ለገባበት ሰው እንጂ ሠርግ ለሚደግስ አይደለምና። ቀጥለው የመጡት ጡረታ የወጡት የአማርኛ መምህር ሲሆኑ፣ እርሳቸው ትርጉሙን ትተው ፊደሉን ያዙ። ቃሉ ከ«ድኅነት» ጋር ዘመድ ስለሆነ በሃሌታው «ህ» ሳይሆን በብዙኃኑ «ኅ» መጻፍ እንዳለበት ሰባት ደቂቃ በፈጀ ንግግር አስረዱን። ማንም አልተከራከራቸውም፤ ማንም እስከ መጨረሻው የሰማቸው ግን አይመስለኝም።

ዋናው ጦርነት የተነሣው «መጡ» በሚለው ቃል ላይ ነው። ወጣቶቹ «መጡ» መባል ያስረጀናል አሉ። «መጣህ» እንዳይባል እናቶች አሉ፤ «መጣሽ» እንዳይባል አባቶች አሉ። ሦስቱንም በእዝባር ለያይቼ ባስቀምጣቸው፣ ሊቀመንበሩ «ይህማ የቀበሌ ቅጽ ነው፤ አላስፈላጊውን ይሰርዙ ልትለን ነው?» ብለው ጣሉት። በዚህ መሐል የባጃጅ ሹፌሩ ጎረቤቴ በኦሮምኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ጣጣ እንደማይመጣ ጻፈ፤ «ዹፍቴ» ሲባል ወንድ ይሁን ሴት አይለይም፣ ለትልቅ ሰው ደግሞ «ዹፍተን» ማለት ይበቃል። «ባጋ ነጋን ዹፍተን» ከላይ ይቀመጥ የሚለው ሐሳብ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያለ ተቃውሞ ጸደቀ፤ በሦስት ሳምንት ክርክር ያለ ጠብ ያለፈ ብቸኛው ሐረግም እርሱ ነው። ታዲያ «ዹ» የምትባለውን ፊደል ስልኬ ላይ ፈልጌ ላገኛት ስላልቻልኩ፣ እስክትገኝ ድረስ ትቆይ ብዬ ተውኳት። ያቺ ፊደል ተገኝታ ቢሆን ኖሮ ይህን ሁሉ ባልጻፍኩ።

በመጨረሻ ለሁሉም ፆታና ዕድሜ በሚሆነው «ችሁ» ተስማማን። «እንኳን ደህና» የሚለው ቀረና በዕቃ ቤት ኃላፊዋ ሐሳብ ምስጋና ተተካ፤ ክርስቲያኑንም ሙስሊሙንም እንዳያስከፋ ደግሞ «ፈጣሪ» የሚለው ተመረጠ። «ለምዝገባ» የሚለውም የቢሮ ሽታ አለው ተብሎ ተሰረዘ። በስንት ድካም የጸደቀው መልእክት እንዲህ የሚል ሆነ፦ «ክቡራን የእድራችን አባላት፣ ከጎናችን ስለሆናችሁ እናመሰግናለን፤ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። የጸሐፊው ቤት ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ አረንጓዴው በር ነው።»

አንድም ሰው፣ የአማርኛ መምህሩን ጨምሮ፣ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች እንደ ባዳ ሆኖ አላነበበውም።

የኢንተርኔት ጥቅል በሌሊት ስለሚረክስ፣ አባላቱን ወደ አዲሱ ግሩፕ ማስገባት የጀመርኩት ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። ቦቱም ታማኝ ሠራተኛ ነበርና አንድ ሰው በገባ ቁጥር መልእክቱን ይለቅ ጀመር። ቀድሞ የገባ ሰው ደግሞ ከእርሱ በኋላ ለገባው የተላከውንም ሁሉ ይቀበላል። በአዳማ ሙቀት መስኮቱን ዘግቶ የሚተኛ ስለሌለ የአንዱ ቤት ስልክ ሲንጫረር ሌላው ቤት ይሰማል። እኔ ሥራዬን ጨርሼ፣ ስልኬን አጥፍቼ፣ ግዴታውን እንደተወጣ ሰው ተኛሁ።

ያባነነኝ ጡሩምባ ነው። በእድራችን ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ አባል 100 ብር ይቀጣልና፣ ጸሐፊው ራሱ ቢቀጣ ነውር ነው ብዬ ነጠላዬን ደርቤ ወጣሁ። አረንጓዴውን በር ከፍቼ «ማን ነው የሞተው?» ብዬ ስጠይቅ፣ ደጄ ላይ የድንኳኑን ምሰሶ ይዘው የቆሙት ሰው ምሰሶውን ለቀቁት። ከኋላቸው ነጠላቸውን ያዘቀዘቁ እናቶች «ወይኔ ልጄን! ገና በልጅነቱ!» እያሉ ደረታቸውን ይደቁ ነበር። 47 ዓመቴ ነውና፣ «በልጅነቱ» የሚለው በዚያ ድንጋጤ ውስጥም ቢሆን ደስ እንዳለኝ አልሸሽግም። የዕቃ ቤት ኃላፊዋ እጄን ነክተው መሞቁን ካረጋገጡ በኋላ የመጀመሪያ ንግግራቸው «እንግዲህ ብረት ድስቱን ማን ይመልሰዋል?» የሚል ሆነ።

ተሳስቀን የምንበተን መስሎኝ ነበር። ሊቀመንበራችን ግን በባትሪ ብርሃን ስም ጠርተው ሲቆጥሩ 71 ሰው ተገኘ። በስብሰባ ጥሪ ከ20 ሰው በላይ ወጥቶ በማያውቅበት እድር ይህ የማይገኝ ዕድል ስለነበር፣ ምልዓተ ጉባኤው ስለተሟላ የአቀባበሉ መልእክት እዚሁ ታርሞ ይጽደቅ አሉ። ድንኳኑ ተተከለ፤ የባጃጅ ሹፌሩም «ዹ»ን በገዛ ስልኩ በአንድ ጊዜ አገኛት። መምህሩ ስለ ብዙኃኑ «ኅ» እንደገና ከመጀመሪያው ጀመሩ። «መጡ» እና «መጣችሁ» እንደገና ተፋጠጡ። ያልመጡት 15 አባላት ይቀጡ ወይስ አይቀጡ የሚለው እንኳ ለብቻው አንድ ሰዓት ፈጀ።

ጎህ ሲቀድ አንድ የማናውቃቸው ሽማግሌ፣ ከሌላ እድር መሆናቸው ነው፣ በመንገድ ሲያልፉ ድንኳኑን አይተው ገቡ። በዝምታ እጅ ነሥተው ከሊቀመንበሩ አጠገብ ተቀመጡ፤ አንገታቸውን ደፍተው ጥቂት ከቆዩ በኋላም ዝግ ባለ ድምፅ «ለመሆኑ ማን ነው?» ሲሉ ጠየቁ።

ሊቀመንበሩ ዓይናቸውን ከወረቀቱ ሳይነቅሉ «ገና አልተወሰነም አባቴ» አሉ፤ «ድምፅ ልንሰጥበት ነው።»