ቁልቢ በእግር፣ ያለ ስለት

ዛሬ ዝም ብሎ ደብሮኝ ነው የዋለው። ምንም የተፈጠረ ነገር የለም፣ ያው የታኅሣሥ ነገር። ማታ የቁልቢ ገብርኤል ጉዞ ልጆች ቴሌግራም ላይ "ዘንድሮስ በእግር ማን ማን አለ?" ብለው ለጠፉ፣ የድሮዎቹ ሁሉ "አለሁ" "አለሁ" አሉ፣ እኔ አየሁና ዝም። ከዛ ሐሳቤ ደንገጎ ዳገት ላይ ወጥቶ ቀረ።

ያንን ዳገት ታውቁታላችሁ። የድሬን ሙቀት ፈርታችሁ በማታ ትነሳላችሁ፣ ጠመዝማዛው አላልቅ ይላል፣ ከፍ ስትሉ ደግሞ ብርዱ ይቀበላችሁና ላብ ያራሰው ልብስ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። እዛ ላይ ነው እኚያን እናት ያየኋቸው። ድንጋይ አዝለዋል። በነጠላ ጠበቅ አርገው አስረውት፣ ሲንሸራተትባቸው ጎንበስ ብለው እንደ ልጅ ወደ ላይ ገፋ ያደርጉትና በመዳፋቸው ከኋላ መታ መታ ያደርጉታል። ለእረፍት ስንቀመጥ እንኳን አላወረዱትም።

"እማማ ትንሽ ላግዝዎት?"

"የኔን ተይልኝ ልጄ፣ የራስሽን ያዥ።"

የራሴ? የኔ ቦርሳ ውስጥ ያለው ቆሎ፣ ትርፍ ካልሲና ፓወር ባንክ ነው።

እስከ ቀርሳ ድረስ ይሄ ነገር አልለቀቀኝም። ከኔ በቀር ሁሉም ስለት አለው፣ ማንም ግን የማንንም አይጠይቅም። አንዷ ልጅ፣ አንዱ ቪዛ፣ ከአሜሪካ ድረስ መጥቶ የሚያስገባ አለ፣ ተስሎ የሚመጣ ሙስሊምም ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠሩት ራስ መኮንን ራሳቸው ለአድዋ ሲዘምቱ ተስለው ነው ይባላል። እሳቸው ቤተ ክርስቲያን፣ አክስቴ አንድ ጥላ። ታሪፉን ማን ነው የሚያወጣው ግን? አክስቴን ብጠይቃት "ሳይሳሉ ቁልቢ መሄድ ሽርሽር ነው" ብላ ዘጋችኝ።

እኔ ደግሞ መልስ አላጣም። ታኅሣሥ 19 እኮ የሠለስቱ ደቂቅ በዓል ነው። አናንያ፣ አዛርያና ሚሳኤል እሳቱ ፊት ቆመው ናቡከደነጾርን ምን አሉት? አምላካችን ሊያድነን ይችላል፣ ባያድነንም ግን ለምስልህ አንሰግድም ነው ያሉት። "ካወጣኸን እንዲህ እናስገባለን" የሚል ነገር የለበትም። ድርድር ያልገቡ ልጆችን በዓል ለማክበር ሁላችንም ድርድራችንን ይዘን ዳገት እንወጣለን፣ አይገርምም? አክስቴ ይሄን ሰምታ "አንቺ እሳት ውስጥ ገብተሽ አታውቂማ" አለችኝ። እሱስ ልክ ናት።

ግን ይሄን ሁሉ የምፈላሰፈው እኔ... እውነቱን ላውራ። የዛን ሌሊት ጉልበቴ እምቢ ሲል በሆዴ "ገብርኤልዬ አንድ መኪና ላክልኝና ጥላ አስገባለሁ" ብያለሁ። ብዙም ሳይቆይ አንድ አይሱዙ አጠገባችን ቆመ፣ ሹፌሩ "ኑ ውጡ" አለ። ልጆቹ "አይ፣ በእግር ነን" አሉት። እኔም ከሁሉም አስበልጬ ጮክ ብዬ "በእግር ነን!"

መኪናው እኮ መጥቷል። ያልተሳፈርኩት በይሉኝታ ነው። ታዲያ አሁን ጥላው አለብኝ ወይስ የለብኝም? ካለብኝስ ትልቁ ነው ትንሹ? ያኔ አልለየሁም።